ዕድሜ የሚቀንሰው እጅ

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናስበው ግን ግማሹን ብቻ ነው። ሎሌው የሰነዘረው ዱላ ቅልጥሙን ቢያገኘው ጌታው አይቆጣም፤ ጨዋታ ነውና። ይህ የታወቀው ግማሽ ነው። ያልተነገረው ግማሽ፣ ጌታው የማይቆጣው በመስኩ ላይ ማን ማን እንደሆነ አገር ስለሚያውቅ መሆኑ ነው። በጎጃም መስክ ላይ ገና ሊመታ ቡድን ሲከፈል ሁሉም ቆሞ ያያል። ጎረምሳው ከጎረምሳ፣ ልጁ ከልጅ ይመደባል። ጢም ያወጣ ሰው «እኔ ገና ልጅ ነኝ» ብሎ ከሕፃናቱ ጋር ሩር ሊመታ ቢገባ የሚያስወጣው ዳኛ አይደለም፤ ሳቅ ነው። የገዛ እናቱ ከአጥር ባሻገር ሆና «አንተ! የነእገሌ እኩያ አይደለህም ወይ?» ትለዋለች።

ዛሬ ጨዋታው ከመስክ ወጥቶ ቢሮ ገብቷል። የልጁን ዕድሜ የሚናገረው አገሬው መሆኑ ቀርቶ ወረቀት ሆኗል። ወረቀት ደግሞ አያፍርም።

ስለ ስፖርት ማጭበርበር በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ተሸጠ ጨዋታ፣ ስለ ተገዛ ዳኛና ስለ አበረታች ቅመም ነው። ስለ ዕድሜ ቅነሳ ግን ይቀለዳል። «ከ17 ዓመት በታች የሚጫወተው ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ ነው» ይባልና ይሳቃል፤ ሳቁ ሲያበቃ ነገሩም ያበቃል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ዕድሜ ቅነሳ ቀልድ አይደለም፤ ስርቆት ነው። የሚሰረቀውም ልጅ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ ስርቆቱ ሲጋለጥ ሁልጊዜ የምንይዘው የሰረቀውን እጅ ሳይሆን ሌላ እጅ መሆኑ ነው።

ጉልበት የጎደለው ልጅ

ነገሩን ከአዲስ አበባ ስታዲየም ሳይሆን ራቅ ካለ ቦታ ሆነን እንየው። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ፣ ቡሬ ሳይደረስ ፍኖተ ሰላም አለች፤ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ። እንበልና በዚች ከተማ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አለ። ስም አልሰጠውም፤ በየወረዳው አለና። ከትምህርት ቤት መልስ ከብት ይመልሳል፤ ቅዳሜ የእናቱን በርበሬ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። ልቡ ግን ያለው ኳስ ላይ ነው። የጨርቅ ኳስ ሲጠልዝ አድጎ፣ ታኬታ ያደረገው ከታላቅ ወንድሙ ተርፎለት ነው።

የዞኑ የታዳጊዎች ውድድር ሲታወጅ ከቡሬ፣ ከጂጋ፣ ከደምበጫ፣ ከማንኩሳ እኩዮቼ ይመጣሉ ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ሜዳ ሲገባ የሚያገኘው ግን እኩዮቹን አይደለም። ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ትናንት የተላጨው ጢሙ ዛሬ የሚያስታውቅ ጎልማሳ ፊት ለፊቱ ይቆማል። ወረቀቱ ላይ 16 ዓመቱ ነው። ልጁ ኳስ ሲይዝ በትከሻ ይገፈተራል፤ ሲሮጥ ይቀደማል፤ ሲዘል ይበለጣል። በመጨረሻ ለክልል ውድድር የሚሄዱት ሲመረጡ አሠልጣኙ ራሱን ዳበስ አድርጎ፣ «ጎበዝ ነህ፤ ጉልበት ግን ይጎድልሃል» ይለዋል።

ጭካኔው እዚች ቃል ላይ ነው። ልጁ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ ስድስት ዓመት ነው። ይህን ግን ማንም አይነግረውም። «ደካማ ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ታኬታውን ለታናሹ ይሰጣል። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ቢያንስ መሰረቁን ያውቃል፤ ኡኡ ይላል፣ ዱካ ያስከትላል። ይህ ልጅ ግን የተሰረቀውን እንደ ራሱ ጉድለት ተሸክሞት ይኖራል።

ወረቀቱስ እንዴት ይሠራል? አሠልጣኙን ብትጠይቁት፣ «ማስረጃ ይዞ መጣ፤ እኔ ፖሊስ አይደለሁም» ይላል። የቀበሌው ጸሐፊ፣ «ትምህርት ቤቱ በጻፈልን መሠረት ነው» ይላል። ትምህርት ቤቱ፣ «ቤተሰቡ ያስመዘገበውን ነው የጻፍነው» ይላል። ቤተሰቡ፣ «አሠልጣኙ እንዲህ በሉ አለን» ይላል። ክቡ ተዘጋ። ሁሉም ጥቂት ጥቂት ስለሚዋሽ ማንም ውሸታም አይባልም። ማኅተሙ ግን በራሱ ተነሥቶ ወረቀት ላይ አልተቀመጠም፤ ያስቀመጠው እጅ አለ።

ያ እጅ ለምን እንዲህ ያደርጋል? ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚገመገመው በዋንጫ ስለሆነ ነው። «ስንት ልጅ አሳደግህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው «ስንት ዋንጫ አመጣህ?» ነው። ዋንጫ ያመጣ ወረዳ በስብሰባ ላይ ይጨበጨብለታል፤ ፎቶግራፉ ሪፖርት ላይ ይወጣል። በእውነተኛ የ15 ዓመት ልጆች ተጫውቶ 4 ለ 0 የተሸነፈ ወረዳ ግን «ዝግጅት ያንሰዋል» ይባላል። እውነት የተናገረ የሚሸነፍበትን ሥርዓት አበጅተን ስናበቃ ሰዎቹ ለምን ዋሹ ብለን እንገረማለን።

ሦስቱ ማመካኛዎች

ይህን ባነሣን ቁጥር ሦስት መልሶች ይመጣሉ። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው፣ «በአገራችን የልደት መዝገብ የለም፤ ገበሬው የልጁን ዕድሜ በዘመን መለወጫ እንጂ በቁጥር አይቆጥርም» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የቀኑን ቁርጥ አለማወቅ ኃጢአት አይደለም። የስንቶቻችን የልደት ቀን ነው መታወቂያ ላይ መስከረም 1 የሆነው!

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለማወቅ የሚሳሳት ሰው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይሳሳታል። ጥፋቱ የመዝገብ እጦት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከልጆቻችን ከፊሎቹ በስሕተት ሁለት ዓመት ተጨምሮባቸው «አልፎሃል» ተብለው ሲመለሱ እናይ ነበር። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ሁልጊዜም ውድድሩ ወደሚፈቅደው ቁጥር የሚወርድ ከሆነ አለማወቅ አይደለም፤ ስሌት ነው። የእርሻው ሚዛን ዘወትር ለነጋዴው የሚያደላ ከሆነ ገበሬው «ሚዛኑ ተበላሽቷል» አይልም፤ «ነጋዴው» ነው የሚለው።

ሁለተኛው መልስ፣ «አፍሪካ በሙሉ የሚያደርገው ነው፤ እኛ ብቻ ጻድቅ ብንሆን እንሸነፋለን» ይላል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራ አስገብቷል። የልጅ አንጓ ላይ ያለው የዕድገት መስመር አጥንቱ ሲጠና ይገጥማል፤ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ የተገኘ ተጫዋች ከ17 ዓመት በታች የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ይህ ምርመራ ሲመጣ «ሁሉም ያደርገዋል» የተባለላቸው አገሮች ምን አደረጉ? ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ17 ዓመት በታች ቡድኗን ስትመርጥ ከ60 ተጫዋቾች 26ቱ በምርመራው ወደቁ፤ አሰናበተቻቸው። ካሜሩን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በሳሙኤል ኤቶ ትእዛዝ 30 ተጫዋቾቿን አስመርምራ 21ዱን ቀነሰች። ኀፍረቱን አገር እያየው ዋጡት። «ሁሉም ያደርገዋል» የምንባልላቸው ሰዎች መድኃኒቱን መጠጣት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም ልብ የሚነካው ነው። «ደሀ ነው፤ እንጀራውን ልትዘጉበት ነው?» ይላል። ደሀ ነው፤ እውነት ነው። ግን ያ እንጀራ የማን ነበር? ከሌላ ደሀ ልጅ መሶብ የወጣ ነው። ደግሞስ እስከ መቼ ያበላል? በ22 ዓመቱ «16 ነኝ» ያለ ልጅ፣ «20 ዓመቱ» ሲሞላ 26 ሆኖታል። አሠልጣኞቹ ገና ያድጋል ብለው ሲጠብቁት እሱ ማደጉን ጨርሷል። በወረቀቱ ላይ ወደ ጉብዝናው በሚገባበት ሰዓት ጉልበቱ ይከዳዋል፤ «ተስፋ የተጣለበት ነበር» ተብሎ ይረሳል። በታዳጊ ውድድር ያንጸባረቁ ልጆች በዋናው ቡድን ለምን አልታዩም እያልን ዓመት ሙሉ እንከራከራለን። ከመልሶቹ አንዱ የታዳጊነት ዘመናቸውን ሁለቴ መኖራቸው ነው።

ባሕር ማዶስ?

ይህ በሽታ የድህነት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ አሜሪካ ይመልከት። ቤዝቦል የሚሉት በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ አላቸው፤ ገና የመታ ሰው ቢያየው ዘመዱ ይመስለዋል። የ12 ዓመት ልጆች የሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮናም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከኒው ዮርክ፣ ከብሮንክስ ሰፈር የመጣ ዳኒ አልሞንቴ የሚባል የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ ልጅ ኳስ ሲወረውር የሚመታለት ጠፋ። አሜሪካ በሙሉ ጉድ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጋዜጠኞች በትውልድ አገሩ መዝገብ ሲያገላብጡ ልጁ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1989 ሳይሆን በ1987 ሆኖ ተገኘ። 14 ዓመቱ ነበር። የቡድኑ ውጤት በሙሉ ተሰረዘ።

ልብ በሉ፤ የዕድሜ ልክ እገዳ የተጣለው በልጁ ላይ አልነበረም። የተጣለው በአባቱና በቡድኑ መሥራች ላይ ነው። ልጁ እንግሊዝኛ እንኳ በወጉ የማይሰማ ልጅ ነበር፤ ወረቀቱን የጻፈው እሱ አልነበረም።

የሜክሲኮ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1988 የሜክሲኮ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለወጣቶች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ አራት ተጫዋቾችን አሰለፈ። ጉዱን ያወጣው ሰላይ አይደለም፤ ፌዴሬሽኑ ራሱ ያሳተመውን ዓመታዊ መጽሐፍ አገላብጦ የልደት ዘመኖቹን ያስተያየ አንድ ጋዜጠኛ ነው። ፊፋ ሜክሲኮን ለሁለት ዓመት ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ውድድር አገደ። አገሪቱ የ1988ቱ ኦሎምፒክም፣ የ1990ው የጣሊያን የዓለም ዋንጫም አመለጣት። አራት የልደት ቀኖች አንድ ሙሉ የዋና ቡድን ትውልድ በሉ። ነገ በእኛ ላይ ይህ ቢደርስ «ከወረዳ የመጣ ወረቀት ነው» ብለን የምናመልጥ ይመስላችኋል?

የአዋቂዎቹም ቤዝቦል አንድ ነገር ያሳየናል። የሂዩስተን አስትሮስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምስጢሩ ወጣ። የተጋጣሚ ኳስ ተቀባይ ለወርዋሪው በጣቱ የሚያሳየውን ምልክት በካሜራ እያዩ፣ ከተጫዋቾች መቀመጫ ጀርባ ያለ የቆሻሻ በርሜል እየደበደቡ ለመቺያቸው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚመጣ ይነግሩት ነበር። የሊጉ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቡድኑን 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ አሠልጣኙንና ዋና ሥራ አስኪያጁን ለአንድ ዓመት አገደ። ተጫዋቾቹ እውነቱን እንዲናገሩ ከቅጣት ነፃ ተባሉ፤ ዋንጫውም አልተወሰደም። በዚህ ብዙ አሜሪካዊ እስከ ዛሬ ያኮርፋል፤ ትክክል ነው። ሚሊዮን የሚከፈለው ጎልማሳ በርሜል እየደበደበ ዋንጫ ይዞ መቅረቱ ፍርድ አይደለም። መርማሪዎቹ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ ልክ ነበር፦ ይህ ሲደረግ ኃላፊው ማን ነበር?

የምንይዘው እጅ

እኛስ? እኛ ያንን ጥያቄ አንጠይቅም። የምንይዘው የቀረበንን እጅ ነው።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዓለም በቦርጩ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት አባቱ ነበሩ። አነስተኛ የዋና ደረጃ ላላቸው አገሮች የተሰጠ ዕድል ነበርና የኦሎምፒክ ሕግ አልተጣሰም ይሆናል። ግን ማን እንዴት መረጠ፣ ሌሎቹ ዋናተኞች የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ በሳቁ ውስጥ ሰጠመ። ከልጁ ሆድ አልፈን የመራጩን ጠረጴዛ አላየንም።

በሰኔ 2005 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ነበር። በቢጫ ካርድ ቅጣት ላይ የነበረው ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ይህ ማጭበርበር አልነበረም፤ የቢሮ ዝርክርክነት ነበር። ቡድኑ ነጥቡ ተቀንሶበትም ምድቡን በአንደኝነት አልፎ ከናይጄሪያ ጋር እስከ መጋጠም ደረሰ። ግን ትምህርቱን አንርሳ፦ 11 ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ያመጣውን ውጤት አንድ ያልተነበበ ወረቀት ይበላዋል። የመንደሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያነሣው የተጫዋቹን ስም ነው፤ ካርድ መቁጠር የነበረበትን ቢሮ አይደለም።

ወደ አትሌቲክስ እንምጣ። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሰባስቲያን ኮ አምስት አገሮች በፀረ-አበረታች ቅመም ቁጥጥራቸው አስጊ ደረጃ ላይ ናቸው ሲሉ ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር ተጠራች። በአበበ ቢቂላ አገር! ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ምርመራው ጨምሯል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ተጠናክሯል። በ2009 ዓ.ም. አንድ የማራቶን ሯጭ የተከለከለ መድኃኒት በመውሰዱ በአገራችን ፍርድ ቤት የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቡዳፔሽቱ የዓለም ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር መሰናክል አራተኛ ወጥታ የነበረችው ዘርፌ ወንድማገኝ ለ5 ዓመት ታገደች።

ቅጣቱ አይገባም አልልም። ያጠፋ ይቀጣ። ግን እስቲ እናስበው። አንድ የገጠር ልጅ ገና በ16 ዓመቱ ማኅተም የያዘ ትልቅ ሰው «ዕድሜህን ቀንስ፤ ችግር የለውም» ካለው፣ በ24 ዓመቱ ሌላ ትልቅ ሰው መርፌ ይዞ «ችግር የለውም» ሲለው ምን ይገርመዋል? የመጀመሪያው የስፖርት ትምህርቱ «ወረቀት ከሰውነት ይበልጣል» የሚል ነበር። ዶፒንግ የዚያ ትምህርት ሁለተኛ ክፍል ነው። ልጁ ሲያዝ እናስረዋለን፤ ስሙን በሬዲዮ እናነባለን። አንደኛ ክፍል ያስተማረው ሰው ግን ውሎ አበሉን ፈርሞ ወስዶ፣ ተሹሞ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ልጆች ይዞ ይመጣል።

ምን ይደረግ?

ሮሮ ብቻ አይበቃም። የምለውን ልበል።

አንደኛ፣ የልጆቹ ስም ዝርዝር ከነልደት ዘመናቸው ከውድድሩ አንድ ወር በፊት በትምህርት ቤቱና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ኤምአርአይ ውድ ነው፤ በየዞኑ ልናቆመው አንችልም። የሰፈር ዓይን ግን ነፃ ነው። የፍኖተ ሰላም እናቶች ማን ከማን ጋር ክርስትና እንደተነሣ፣ ማን የማን ታላቅ እንደሆነ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ያውቃሉ። የገና ጨዋታ ሕግ ይኸው ነበር፦ ቡድን ሲከፈል አገር ይይ። የሕክምና ምርመራው ለክልልና ለብሔራዊ ቡድን ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ቅጣቱ የፈረመውን ይከተል። የተቀነሰ ዕድሜ ሲገኝ ወረዳው ዋንጫውን ይመልስ፤ ወረቀቱን የፈረመው ሠራተኛና ያቀረበው አሠልጣኝ ከታዳጊ ስፖርት ይወገዱ። ልጁ እውነቱን ከተናገረ በእውነተኛ ዕድሜው በሚመጥነው ውድድር ይጫወት። አንድ የምሕረት ጊዜም ይታወጅ፤ ዕድሜውን በፈቃዱ ያስተካከለ አይቀጣ። ያን ጊዜ ክቡ ይሰበራል፤ ለመዋሸት የሚሽቀዳደሙት ለመናገር ይሽቀዳደማሉ።

ሦስተኛ፣ የታዳጊ ስፖርት በዋንጫ አይገምገም። ከዛሬ አምስት ዓመት በፊት የተመዘገቡት ልጆች ዛሬ የት ናቸው፣ ስንቶቹ ይጫወታሉ፣ ስንቶቹ ይማራሉ ተብሎ ይገምገም።

አራተኛ፣ ምዝገባው ይከበር። በ2008 ዓ.ም. ተወልዶ በወቅቱ የተመዘገበ ልጅ በ2025 ዓ.ም. 17 ዓመት ይሞላዋል። ያን ጊዜ «መዝገብ የለም» የሚለው ማመካኛ መሞት ነበረበት። ነገር ግን ዘግይቶ የሚደረገው ምዝገባ ለውድድር ሲባል እየተከፈተ የሚዘጋ በር ከሆነ፣ አዲሱ መዝገብ የአሮጌው ውሸት መኖሪያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። ፍኖተ ሰላም ራሷ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በአየር ተደብድባ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውባታል። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ልጆች ያለ ትምህርት ያለ ጨዋታ አደጉ። በዚያ ክረምት 14 ዓመቱ የነበረ ልጅ የታዳጊነት ዘመኑን ሳይጫወትበት አለፈው። ነገ ሰላም ሆኖ ውድድሩ ሲሟላ ይህ ልጅ መጥቶ፣ «ዓመቶቼን የወሰደብኝ ሌላ ነው፤ በወረቀት ብመልሳቸው ምን አለበት?» ቢል ምን እንለዋለን?

ይህ ከሦስቱ ማመካኛዎች ጋር የሚቆጠር አይደለም፤ እውነተኛ በደል ነው። መልሱ ግን ውሸት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም እሱ ሦስት ዓመት ቀንሶ ሲገባ የሚገፈትረው ያንኑ ጦርነት በ11 ዓመቱ ያየውን ታናሹን ነው። የአንዱን ቁስል በሌላው ልጅ አናሽርም። ለነዚህ ልጆች በግልጽ፣ በስማቸው የሚጠራ ውድድር ይዘጋጅላቸው፤ ከ18 እስከ 21 ዓመት ይሁን፣ ወይም በክፍል ደረጃ ይሁን። «ዕድሜያችሁን ቀንሱ» ከማለት «ዕድላችሁን እንመልስላችሁ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው አንድ ማኅተም ብቻ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሥራ ይፈልጋል፤ ለዚህም ነው የመጀመሪያው የሚቀለን።

እንግዲህ ይህችን ጽሑፍ የሚያነብ የወረዳ ስፖርት ባለሙያ፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የቀበሌ መዝገብ ያዥ ይኖር ይሆናል። ለእርስዎ የምለው አጭር ነው። ነገ ጠዋት አንድ አሠልጣኝ ፈገግ እያለ ወረቀት ያቀርብልዎታል። «ለከተማችን ክብር ነው» ይልዎታል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአንድ ልጅ ስም ብቻ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ሁለተኛውን ስም ይጠይቁት፦ «ይኸ ልጅ ሲገባ የሚወጣው ማነው?» ስሙን ሊነግርዎ ካልቻለ፣ ማኅተሙን ወደ መሳቢያው ይመልሱት።